ሬዲዮ ስንት ጊዜ ሞተ?

«አሁን ደግሞ ሬዲዮ ማን ይሰማል?» ብላችሁ ሚኒባስ ውስጥ ብትጠይቁ መልሱን ከሰው መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ከጀርባችሁ ያለው ስፒከር ይመልስላችኋል። አንዱ የስፖርት ጋዜጠኛ ስለ አርሰናል ተከላካይ መስመር እየተንገበገበ ነው፤ ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳት ደግሞ ሰውዬው የሚሰማው ይመስል «ኧረ ባክህ ተወን!» እያለ ይመልስለታል።

ያም ሆኖ ጥያቄው ከባድ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ሬዲዮ የሚባል ዕቃ የለንም። ዜናውን ከቴሌግራም፣ ረጅሙን ቃለ ምልልስ ከዩቲዩብ፣ ቀልዱን ከቲክቶክ ነው የምናገኘው። ጣቢያዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ስቱዲዮአቸው ውስጥ ካሜራ ተክለዋል። «ሬዲዮ ሊሞት ነው» የሚለው ወሬም በየቦታው አለ።

ወሬው ግን አዲስ አይደለም። ቴሌቪዥን ሲመጣ ተወርቷል፤ ካሴት ሲመጣ ተወርቷል፤ ኢንተርኔት ሲመጣም እንደገና ተወራ። እስቲ ዘጠና ዓመት የሞላውን የሀገራችንን የሬዲዮ ታሪክ መለስ ብለን እንየውና ሬዲዮ ሞተ የተባለባቸውን ጊዜያት እንቁጠር። በእውነት የሞተው መቼ ነው? ማንስ ገደለው? መልሱ ዛሬ ጣቢያዎች ምን ቢያደርጉ እንደሚሻላቸው ይነግረናል።

አቃቂ፣ መስከረም 1928

ታሪኩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አቃቂ ላይ ከተተከለው ጣቢያ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ጣቢያ በኩል ለዓለም ንግግር አደረጉ። እቴጌ መነንም በዚያው ሰሞን ለዓለም ሴቶች ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አድማጩ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ሀገር ውስጥ መቀበያ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የመጀመሪያው ሬዲዮአችን ስለ እኛ ለሌሎች ነበር የሚያወራው። ያም ቢሆን አልተራፈም፤ በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ስትያዝ የሀገሪቱ ድምፅ ጠፋ። ተመልሶ የተሰማው በ1933 ዓ.ም. ከድል በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሞት ይሄ ነው። ገዳዩ ጦርነት ነው።

ድንጋይ

ከድል በኋላም ቢሆን ሬዲዮ የጥቂቶች ነበር። የዚያ ዘመን መቀበያ በውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት፣ ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ በአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል የለም። ስለዚህ ሬዲዮ የሚሰማው ባለጠጋ ቤት፣ ቢሮ ወይም ቡና ቤት ነው። ማዳመጥ ማለት ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ ነበር።

ይህን የቀየረው ትራንዚስተር ነው። የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፤ በዓመቱ የጃፓኑ ሶኒ ተከተለ። ሣጥኑ አንሶ በእጅ የሚንጠለጠል ሆነ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በድንጋይ የሚሠራ ሆነ። «ድንጋይ» የምንለው ያንን ባትሪ ነው፤ ሲዳከም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ የሚዘራውን። መብራት ያልደረሰበት ገበሬ ቤት ሬዲዮ የገባው በእሱ ነው። መስመር ዝርጋታ አልጠበቀም፤ ድንጋዩን ከገበያ ይዞ ተመለሰ።

በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር ሬዲዮ ሁለተኛ ሞቱን መሞት ነበረበት። አልሞተም። ቴሌቪዥኑ ውድ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ከከተማ አልወጣም፤ የሚታየውም በተወሰነ ሰዓት ነው። ሬዲዮ ግን እርሻ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ነበረ። የትምህርት ሬዲዮ ሲከፈት ጸጥ ብሎ ያዳመጠ ትውልድ አለ፤ ቤተሰባችሁን ጠይቁ።

ደግሞም ሬዲዮ ሥዕሉን ለቴሌቪዥን ትቶ ጆሮ የሚችለውን ያዘ። የዚህ ትልቁ ምስክር «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ፕሮግራም ላይ ተረከው። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ መጽሐፍ። መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ፣ ማንበብም የማይችል ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ አወቃቸው። ይህን ትረካ በኋላ እንመለስበታለን።

ሰማይ የሚመልሰው ሞገድ

በእነዚያ ዓመታት የሬዲዮ ትልቁ መንገድ አጭር ሞገድ ነበር። አሠራሩ ደስ ይላል። ከምድር በላይ ከፍ ብሎ በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር አለ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሲላክ እዚያ ተጋጭቶ ወደ መሬት ይመለሳል። በዚህ የተነሣ አንድ ጣቢያ ተራራና ድንበር ተሻግሮ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰማል። ድምፁ ይንሿሿል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል፤ ግን ይደርሳል።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ውስጥ ያስመረቀው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሚያወጡ ማሰራጫዎች ነበሩት። ከዚህ ተነሥቶ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ይተላለፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ደርግ ወረሰው። ከዚያ በኋላ ያው ማማ፣ ያው ማሰራጫ፣ ያው ሕንፃ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆኖ ተናገረ። ይህ ሦስተኛው ሞት ነው፤ ገዳዩም ውርስ ነው። ማሽን ታማኝነት የለውም፤ ለያዘው ይሠራል።

የሀገር ውስጡ ድምፅ አንድ ሲሆን አድማጩ ጆሮውን ወደ ውጭ አዞረ። የጀርመኑ ዶይቸ ቬለ ከመጋቢት 1957 ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጭ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ዓ.ም. ተጨመረ። ማታ ማታ በር ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ሬዲዮኑን ጆሮ ሥር አስጠግቶ መስማት የአንድ ዘመን ልማድ ሆነ። ጣቢያዎቹ ያላቸው ሀብት ያ ቀጠሮ ነበር። በሰዓቱ የሚመጣ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ድምፁ የሚለይ ሰው።

ከዚያ አፈና መጣ። ማፈን ማለት በዚያው ሞገድ ላይ ከፍ ያለ ጩኸት መልቀቅ ነው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን መዘጋጀታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። አድማጩ ምን አደረገ? መፈለጊያውን አዞረ። ሌላ ሞገድ፣ ሳተላይት፣ ኢንተርኔት፤ የተገኘውን ሁሉ ሞከረ። አራተኛው ሞትም እንዲህ ከሸፈ።

ኤፍ ኤም ከተማ ሲገባ

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የግል ሬዲዮን በሕግ ፈቀደ። በ1992 የመንግሥቱ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ጀመረ። የግሉ ሸገር 102.1 የተሰማው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። ከሕጉ እስከ ድምፁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ኤፍ ኤም ከአጭር ሞገድ ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ጉዞው ግን ቀጥታ ስለሆነ ኮረብታ ያቆመዋል። ስለዚህ የከተማ ነው። የከተማ ስለሆነም ቋንቋው ተለወጠ። «ውድ አድማጮቻችን» ከሚለው ከበድ ያለ ንባብ ወደ ጨዋታ ወረደ። ስለ መንገድ መዘጋጋት፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ኳስ ማውራት ተቻለ። አድማጩ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፣ ዘፈን ይመርጣል።

አድማጭ መመለስ የሚፈልግ መሆኑ ግን በስልክ አልተጀመረም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የቀረበውን «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ውሰዱ። 257 ክፍሎች ነበሩት። አድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ጻፉ። ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ስለ አንዲት ገጸ ባሕርይ ዕጣ ፈንታ መጻፍ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ዛሬ ኮሜንት የምንለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ የወሰደው ድካም ነው።

ኤፍ ኤም ግን አንድ ነገር አብሮ አመጣ፤ የአየር ሰዓት ሽያጭ። ብዙ የምንወዳቸው ፕሮግራሞች የጣቢያው ሠራተኞች ሥራ አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጁ ከጣቢያው ሰዓት ይገዛል፤ ስፖንሰሩን ራሱ ይፈልጋል፤ ትርፍና ኪሳራው የራሱ ነው። ለጣቢያው ቀላል ገቢ ነበር። ዋጋው የታየው ዩቲዩብ ሲመጣ ነው። አዘጋጁ ድምፁንም፣ አድማጩንም፣ ስፖንሰሩንም ይዞ መውጣት ቻለ። ቤቱን ሲያከራይ የኖረ ጣቢያ ተከራዩ ሲለቅ ባዶ ክፍል ነው የሚቀረው። ዛሬ አንዳንድ ጣቢያዎችን የሚያስጨንቃቸው ቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም፤ የራሳቸው የሆነ ድምፅ አለመገንባታቸውም ነው።

የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ

ቀጥሎ ሬዲዮ ስልክ ውስጥ ገባ። ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክ ኤፍ ኤም ነበራት፤ በአንዴ ብዙ ሰው ሳያስበው የሬዲዮ ባለቤት ሆነ። «ጆሮ ማዳመጫውን ይሰኩ» የሚል መልእክት ታስታውሳላችሁ? ሽቦው አንቴና ስለሆነ ነው። ያለ እሱ ሞገዱን የሚይዝ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን ከአይፎን 7 ላይ አነሣ። የአፕል ስልኮች ድሮም ኤፍ ኤም አያስደምጡም ነበር፤ ግን ሌሎች አምራቾችም መሰኪያውን ተራ በተራ አስቀሩ። መሰኪያው ሲሄድ አንቴናውም አብሮ ሄደ። በነጻ የሚደርስ ሥርጭት ዳታ የሚቆጥር ሥርጭት ሆነ። ይህን የወሰነው ደግሞ ጣቢያውም አድማጩም አይደለም።

በዚህ መሀል ፖድካስት መጥቷል። ስሙ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ቃሉን በእንግሊዙ ጋርዲያን ላይ የጻፈው ጋዜጠኛ ቤን ሐመርስሊ ነው። ፖድካስት ከሬዲዮ የወሰደው ነገር ቀጠሮውን ነው። እሑድ ጠዋት ስንት ሰዓት ብሎ መጠበቅ ቀረ፤ አድማጩ በፈለገው ሰዓት ይከፍታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጣቢያ የሚስተው ነገር አለ። በአየር ላይ የሚናገር ሰው መሀል ላይ ለሚገባ አድማጭ ነው የሚናገረው። ለዚህ ነው የእንግዳውን ስም በየአሥር ደቂቃው የሚደግመው፣ ሰዓቱን የሚናገረው፣ «አሁን ለተቀላቀላችሁን» የሚለው። ፖድካስት የሚሰማ ሰው ግን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ አለ። ድግግሞሹ ያሰለቸዋል፤ የስፖንሰሩ ዝርዝር ሳያልቅ ይወጣል። ስለዚህ የሦስት ሰዓት ሥርጭትን እንዳለ ዩቲዩብ ላይ መጫን መላመድ አይደለም። መላመድ ማለት ቁጭ ብሎ መቁረጥ ነው፤ ጨዋታውን ከማስታወቂያው መለየት፣ ርዕስ መስጠት፣ ከዓመት በኋላ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እንዲያገኘው ማድረግ።

ዳታውንም አንርሳ። በመካከለኛ ጥራት በ64 ኪሎ ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 29 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ያው ውይይት በ1 ሜጋ ቢት ቪዲዮ ሲሆን 450 ሜጋ ባይት ይሆናል። ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ለማየት ያን ያህል መክፈል የማይችል ተማሪ ብዙ ነው። ድምፁን ብቻውን ቴሌግራም ላይ የሚያስቀምጥ ጣቢያ አድማጩን ያውቀዋል።

ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

እስከዚህ ድረስ «ሬዲዮ ወደ ኢንተርኔት ይሂድ» የሚል መደምደሚያ ላይ የደረስን ይመስላል። ቆይ ግን።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የኤፍ ኤም ሥርጭትን አቁማ ወደ ዲጂታል ሬዲዮ በመዞር ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። አዲሱ መንገድ አስቀድሞ ተዘርግቶ ስለነበር አሮጌውን መዝጋት ቻለች። ቢቢሲ ደግሞ በ2008 ለአውሮፓ የሚያሰራጨውን አጭር ሞገድ ዘግቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት አለው ተብሎ። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ግን በመጋቢት 2022 ለአካባቢው በቀን 4 ሰዓት ያህል ዜና በአጭር ሞገድ መልቀቅ ጀመረ። ሞተ የተባለው ሞገድ ኔትወርክ ሲቆረጥ ተፈለገ።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቷል። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። አፕሊኬሽን፣ ዩቲዩብ፣ ፖድካስት ሁሉም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሥር ነው ያሉት። በእነዚያ ቀናት ከሩቅ የሚመጣ ሞገድና በድንጋይ የሚሠራ መቀበያ ያለው ሰው፣ አዲስ ስልክ ከያዘው ይልቅ ዓለምን ይሰማ ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2017 ዓ.ም. መጣ። በዶናልድ ትራምፕ ትእዛዝ ሰበብ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በአንድ ቀን ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ የአማርኛው ክፍልም ከሌሎቹ ጋር ጸጥ አለ። ያው ወር የዶይቸ ቬለ አማርኛ 60 ዓመት የሞላበት ነው። አንዱ ልደቱን ሲያከብር ሌላው ማይክሮፎኑን ዘጋ። የዓመታት አፈና ያልቻለውን አንድ ፊርማ ቻለ።

አሁን ሞቶቹን ቁጠሩ። ጦርነት፣ ውርስ፣ አፈና፣ ፊርማ። ቴሌቪዥን፣ ካሴትና ኢንተርኔት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እነሱ የሬዲዮን ቤት አስለወጡት እንጂ አልገደሉትም። ቴክኖሎጂን ፈርቶ መሮጥ ወይም ቴክኖሎጂ አድርጎ ማምለክ ሁለቱም የተሳሳተ ንባብ ነው።

በየዘመኑ መጀመሪያ የሚነቃነቀው ደግሞ አድማጩ ነው። ድንጋዩን የገዛው፣ መፈለጊያውን ያዞረው፣ ደብዳቤ የጻፈው፣ ስልኩ ላይ ሽቦ የሰካው እሱ ነው። ጣቢያው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ጣቢያ መጠየቅ ያለበት «ቀጣዩ አፕሊኬሽን ምንድን ነው?» ብሎ አይመስለኝም። «አድማጬ አሁን የት ነው? ያልተንቀሳቀሰውስ?» ቢል ይሻለዋል። ወጣቱን ቴሌግራም ላይ ይከተለው፤ ዳታ የሌላቸውን እናት ግን ሞገዱ ላይ አይተዋቸው። ሁለቱንም መያዝ ወጪ አለው። የሚያስከፍለው ግን ለቸገረ ቀን መስሚያ ነው።

የራሱን ድምፅና የራሱን መዝገብ ደግሞ ለሌላ አሳልፎ አይስጥ። የዩቲዩብ ቻናል በአንድ ቅሬታ ሊዘጋ ይችላል። የተጫነው ሁሉ የጣቢያው ሃርድ ዲስክ ላይ ካልተቀመጠ የጣቢያው አይደለም።

እንመለስበታለን ያልነው ትረካ አለ። የወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬ ዩቲዩብ ላይም ቴሌግራም ላይም አለ። ከእሱ ሞት በኋላ የተወለዱ ልጆች መንገድ ላይ እየሄዱ ይሰሙታል፤ ምናልባት እናንተም። በማግኔት ክር ተቀድቶ፣ በሞገድ ተሰራጭቶ፣ በካሴት ተባዝቶ፣ በፍላሽ ተዘዋውሮ፣ ኢንተርኔት ላይ ደረሰ። በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ የተሸከመው አድማጭ አለ። ማንም ያልቀዳው ስንት ጥሩ ፕሮግራም እንደቀረ ደግሞ መቁጠር አንችልም።

ምናልባት እናንተ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰ የካሴት ካርቶን አለ። ዘፈን ብቻ ነው ብላችሁ አትጣሉት። አንዳንዱ ከሬዲዮ የተቀዳ ነው፤ ዜና፣ ድራማ፣ ትረካ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የአያታችሁ ሳል። ክሩ ከጊዜ ብዛት ይጣበቃል፣ ድምፁም ይደበዝዛል። የሚሠራ ማጫወቻ ከሰፈር ፈልጋችሁ ወደ ስልካችሁ ቅዱት።